በባሕሩ ወገን

በሽርሽር መርከብ ናፖሊ ወደብ ደርሶ የአማልፊን የባሕር ዳርቻ ለማየት አውቶቡስ የሚሳፈር መንገደኛን ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው ታሪክ ወይም ሥነ ሕንፃ አይደለም። የሚያሳስበው ባሕሩ በየት በኩል ነው የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ በቀኝ።

ይህን ያወቁ ሰዎች ቁርሳቸውን ቆመው በልተው፣ ከመርከቡ ቀድመው ወርደው፣ የአውቶቡሱ በር ላይ ተለጥፈው ይጠብቃሉ። ያላወቁት ቀስ ብለው ይመጡና በግራ በኩል ጎን ለጎን ሁለት ባዶ ወንበር ሲያገኙ «ዛሬስ ቀንቶናል» ይባባላሉ።

ባሕሩ ቀኝ የሆነው በዕድል ሳይሆን በደንብ ነው። ዳርቻውን ተከትሎ የሚጠማዘዘው መንገድ በጣልያን የመንገድ መዝገብ ቁጥር 163 ነው። ከመጥበቡ የተነሣ ትልልቅ የቱሪስት አውቶቡሶች የሚሄዱበት በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከፖዚታኖ ወደ ቪየትሪ፣ ማለትም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ባሕሩ በደቡብ ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሰው ደቡቡ በቀኙ ይውላል። ደንብ አውጪዎቹ ያሰቡት ስለ መኪና መጨናነቅ ነበር፤ ሳያስቡት መንገደኛውን ለሁለት ወገን ከፈሉት።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ይብሳል። 40 ወንበር ያለው አውቶቡስ በአንድ ረድፍ አራት ሰው ያስቀምጣል። ከአራቱ የቀኙን መስኮት የሚይዘው አንዱ ነው። ባሕሩን ያለ አማላጅ የሚያዩት እንግዲህ 10 ሰዎች ናቸው። ከአጠገባቸው ያሉት 10 የሚያዩት በጎረቤት ጆሮና በመነጽሩ ዘንግ መካከል በምትገኘው ቀዳዳ ነው። በግራ መስኮት የተቀመጡት 10 ዳገቱን ያያሉ፤ አለት ነው፣ እንዳይናድም በሽቦ መረብ ታስሯል። የቀሩት 10 በግራ፣ በመተላለፊያው ጥግ ያሉት፣ የሚያዩት ባሕር የሚያዩ ሰዎችን ነው። ከሁሉ የተሻለ ትርኢት የደረሳቸው እነዚህ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እነርሱ ግን በዚህ ክርክር ሲጽናኑ አይታዩም።

ባልና ሚስት ከሆኑ መስኮቱ ለሚስት ነው። «ስንመለስ ያንተ ተራ ነው» ትለዋለች። የሚመለሱት በሌላ መንገድ እንደሆነ የጉዞ መግለጫው ላይ ተጽፏል፤ መግለጫውን ያነበበችው ደግሞ እርሷ ናት።

ቀኑ የሚጀመረው መርከቡ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ከ5,000 በላይ መንገደኛ ይጭናሉ፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ በየአውቶቡሱ ለመደልደል ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማታ ዘፈንና ዳንስ በሚታይበት አዳራሽ ይሰበስቡታል። በየተራ እየተጠራ ቁጥር ያለባት ክብ ወረቀት ደረቱ ላይ ይለጠፍለታል። በአገሩ ዳኛ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ወይም የዘጠኝ ልጅ አያት የነበረ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «14» ነው። አሥራ አራቶች ተነሡ ሲባል ይነሣል፣ ቁሙ ሲባል ይቆማል። ወረቀቷ ማታ ትረሳና ከሸሚዙ ጋር ታጥባ አገር ቤት ትገባለች።

አሥራ አራቶችን ወደብ ላይ የምትቀበላቸው አስጎብኚ ናት። በጣልያን አስጎብኚነት ተፈትነው ፈቃድ የሚያወጡበት ሙያ ነው፤ ስለ ቅስትና ስለ ጉልላት የምትናገረው ከልቧ ነው። ጥላዋን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጋ ትቀድማለች። ጥላው ለዝናብም ለፀሐይም አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው የጆሮ ማዳመጫ ታድላለች፤ ይህ መሣሪያ ከፈጠራዎች ሁሉ ግራ አጋቢው ነው። ሰውየው ከቡድኑ ተነጥሎ በሌላ መንገድ ጠፍቶ ሳለ «አሁን በስተግራችሁ የምታዩት» ይለዋል። ድምጿ ከጆሮው አልወጣም፤ እርሷ ግን የለችም። ወደ ግራው ያያል፤ የተሰጣ አንሶላ አለ።

ከዚያ ሰዓት ይነገራል። መርከቡ ማታ 12 ሰዓት ይነሣል፣ ሁሉም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተሳፍሮ ማለቅ አለበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይህ «አምስት ተኩል» ነው። በአማርኛ ሰዓት የሚኖር ሰው ይህን እንደሰማው ከያዘው፣ ከቀትር በፊት አምስት ተኩል ላይ ወደቡ ላይ ሻንጣውን ታቅፎ ይገኛል። ጉብኝቱ ያመልጠዋል እንጂ መርከቡ አያመልጠውም። ሌሎቹ የሚፈሩት ደግሞ የመርከቡን ማምለጥ ስለሆነ ከሁሉ የተረጋጋው እርሱ ነው።

ፍርሃቱ መሠረት አለው። የቀን ጉብኝት በሁለት መንገድ ይገዛል፤ ከመርከቡ ከራሱ ወይም ከወደብ ውጭ ካለ አስጎብኚ። የመርከቡ ይወደዳል። ውድነቱ ለሰዓት የሚከፈል ነው፤ የመርከቡ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፣ መጠበቅ ካልቻለም መንገደኞቹን በራሱ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሳቸዋል። በግሉ የወጣ ግን ቢዘገይ የሚያየው የመርከቡን ጀርባ ነው፤ ወደሚቀጥለው ወደብ የሚደርሰውም በገዛ ገንዘቡ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ቢባልም፣ እዚህ የሁለተኛው ባላ ዋጋ ከአንደኛው ይበልጣል።

በመሆኑም በብዙ ወደቦች ማታ ማታ አንድ ነጻ ትርኢት አለ። በጊዜ የተሳፈሩት መጠጥ ይዘው በላይኛው ደርብ መደገፊያ ብረት ላይ ይደገፋሉ። ታች በወደቡ ላይ ባልና ሚስት ይሮጣሉ፤ እርሱ ቀድሟል፣ እርሷ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ላይ ያለው ሰው ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ የሚቀርጽም አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት እውነትነቱ በደንብ የሚታየው፣ ሯጩ ሁለት ኪሎ ሎሚ በቀጭን ከረጢት ከያዘ ነው።

ወደ ጠዋቱ እንመለስ። የናፖሊ ወደብ የመንገደኞች ሕንፃ በ1930ዎቹ የተሠራ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1935 ኢትዮጵያን ሊወር ከሄደው ጦር ብዙ ወታደር የተሳፈረው ከዚህ ወደብ ነበር። አስጎብኚዋ ይህን አታነሣም፤ ለሽርሽር ቀን የሚመች ወሬ አይደለም። በከተማዋ ምዕራብ፣ በፉዎሪግሮታ ሰፈር፣ ፋሺስቶች ቅኝ ግዛቶቻቸውን ለማሳየት በ1940 የከፈቱት የኤግዚቢሽን ግቢ አለ። በዚያ ግቢ ውስጥ የጎንደሩ የአፄ ፋሲል መዋኛ አምሳያ ከነገንዳው እስከ ዛሬ ቆሟል። ኤግዚቢሽኑ አንድ ወር እንደሆነው ጣልያን ጦርነት ገባችና ተዘጋ። አውቶቡሱ ወደዚያ አይሄድም፤ ጎንደርን ለማየት ናፖሊ ድረስ የመጣ ቱሪስት እስካሁን ስላልተገኘ ይሆናል።

አውቶቡሱ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ከከተማው እንደወጣ ቬሱቪዮ ብቅ ይላል፤ በግራ በኩል! ይህ የግራ ወገን የመጀመሪያ ድል ነው። ተራራው 1,281 ሜትር ከፍታ አለው፣ በ79 ዓ.ም. ፖምፔይንና ሄርኩላኒየምን ቀብሯል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1944 ነው። የግራዎቹ ሰዎች ስልካቸውን ወደ መስኮት ያስጠጋሉ፤ ቀኞቹ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። አንድ ሁለቱ «አያችሁ? እዚህም ይታያል» በሚል ፊት ወደ ቀኝ ዞር ይላሉ። ይህ ደስታ 20 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ተጨማሪ አይኖርም።

ቀጥሎ የሽንት ቤት ማቆሚያ ነው። ከቬሱቪዮ ሥር ያለችው ቶሬ ዴል ግሬኮ በዛጎል ላይ በሚቀረጽ ምስልና በቀይ የኮራል ጌጥ የታወቀች ናት። ሽንት ቤቱ የሚገኘው በሚያስገርም አጋጣሚ ከጌጥ ሱቅ በስተጀርባ ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው መተላለፊያ በሱቁ መሐል አልፎ፣ በእያንዳንዱ የመስታወት ሣጥን ዙሪያ ተጠማዝዞ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ባለሙያ በዛጎል ላይ የሴት ፊት ይቀርጻል፤ የሚሠራው በእውነት ድንቅ ነው፣ ለማየት ግን የሚቸኩለው ሰው ፊኛው አስጨንቆታል። «ግዙ ብሎ የሚያስገድድ የለም» ትላለች አስጎብኚዋ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ማንም አላስገደደም፤ ስምንት ሰው ገዝቶ ወጣ።

ሶሬንቶም እንዲሁ ናት፤ የእርሷ ሙያ ደግሞ በእንጨት ላይ እንጨት እየገጠሙ ሥዕል ማውጣት ነው። በዚህ ጥበብ የተሠሩ ሣጥኖች ሲከፈቱ ዜማ ያሰማሉ፤ ዜማው የዴ ኩርቲስ ወንድማማቾች የደረሱት «ወደ ሶሬንቶ ተመለስ» ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ አሥር ሰው አሥር ሣጥን ይከፍታል፤ አሥር ቦታ ላይ የደረሰ አንድ ዜማ ይሰማል። ሣጥኑ ተመለስ ይላል፣ አስጎብኚዋ በ40 ደቂቃ ወደ አውቶቡስ ተመለሱ ትላለች።

ከሶሬንቶ በኋላ አውቶቡሱ ተራራውን ተሻግሮ ዋናው መንገድ ላይ ይወጣል። ይህ መንገድ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ደቡብ ጣልያንን ይገዙ በነበሩት የቡርቦን ነገሥታት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ከመንደር ወደ መንደር የሚኬደው በጀልባ ወይም በበቅሎ መንገድ ነበር። ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወርዱ ሁለት አህያ የጫነ ሰው ሊያስበው የሚችለውን ያህል ነው። ከ2022 ጀምሮ በሚጨናነቅበት ወራት የቤት መኪኖች ታርጋቸው ሙሉ ወይም ጎዶሎ ቁጥር እየሆነ በየተራ ብቻ እንዲገቡበት ተደንግጓል።

በዚህ መንገድ ላይ ባለሥልጣኑ ሾፌሩ ነው። ከአስጎብኚዋ ይልቅ ዝም ያለ፣ ከመንገደኛው ይልቅ ያልገረመው ሰው። ኩርባ ሲደርስ ክላክስ ይነፋል፤ ከማዶ ሌላ ክላክስ ይመልስለታል። ሁለቱ አንዳቸው ወደ ኋላ እስኪሉ ድረስ አፍንጫ ለአፍንጫ ይፋጠጣሉ። የግንቡና የአውቶቡሱ ርቀት በጣት የሚለካ ሲሆን ሾፌሩ በመስኮት እጁን ሰዶ ስፖኪዮውን ያጥፋል፣ ያልፋል፣ ይዘረጋዋል። መንገደኛው ያጨበጭባል። ሾፌሩ ጭብጨባውን የሰማ አይመስልም።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መንገደኛ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥበት ነገር አለ። ጣልያንኛ ሳይማር የሾፌሩን ቋንቋ ያውቃል። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ታርጋ፣ ስፖኪዮ፤ ሁሉም ከዚህ አገር የሄዱ ቃላት ናቸው። ሾፌሩ ለወጪ ወራጁ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ስለ ባሕሩ ውበት ሲናገር ወይም ሲቀልድ አንድም አይገባውም። አውቶቡሱ የተበላሸ ቀን ግን ሁሉንም ይረዳል። ፍሬን የሚለውን ቃል በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ከሾፌር አፍ መስማት፣ መረዳትም፣ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው ሌላ ጉዳይ ነው።

የግራ ወገን በዚህ ሰዓት በተናጠል ወደ መተላለፊያው መነሣት ይጀምራል። መጀመሪያ «ይቅርታ» ብለው ስልካቸውን በቀኞች ራስ ላይ አሳልፈው ይዘረጋሉ። ቀጥሎ ይቅርታው ይቀራል። የሚነሡት ሥዕሎች ግማሽ የባሕር፣ ግማሽ የሰው ባርኔጣ ናቸው። አስጎብኚዋ ተቀመጡ ትላለች፤ አውቶቡሱ ኩርባ ይዞራል፤ የተነሡት ሁሉ በአንድ ጊዜ የማያውቁት ሰው ጭን ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ ጉዞ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር በእውነት የሚተዋወቀው በዚህ አጋጣሚ ነው።

ከፖዚታኖ በላይ አውቶቡሱ ለ15 ደቂቃ ይቆማል። እዚህ ግራና ቀኝ የለም፤ ሁሉም ወርዶ በአንድ መደገፊያ ብረት ላይ ይደረደራል። ከታች ቤቶቹ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ነጭ ሆነው እርስ በርስ የተቆነጠጡ ይመስላሉ፤ በመሐላቸው የሳንታ ማሪያ አሱንታ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በባለ ቀለም ሸክላ ያብረቀርቃል። ፖዚታኖ የዓሣ አጥማጆች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ጆን ስታይንቤክ በ1953 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ስለ እርሷ ከጻፈ በኋላ ስሟ ራቅ ብሎ ተሰማ። በቤተ ክርስቲያኑ ያለችውን ጥቁር የእመቤታችን ሥዕል በሚመለከት የሚነገር ትውፊት አለ። ሥዕሏን የጫነ መርከብ እዚያ ሲደርስ በማዕበል ተያዘ፤ መርከበኞቹም «ፖሳ፣ ፖሳ» የሚል ድምፅ ሰሙ፤ አስቀምጡ፣ አሳርፉ ማለት ነው። አሳረፏት፣ ባሕሩም ጸጥ አለ። የከተማዋም ስም ከዚያ መጣ ይባላል። አልንቀሳቀስም ስላለ ታቦት ሲነገረው ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ እንደ ሌሎቹ ቱሪስቶች ቅንድቡን አያነሣም፤ የትኛው ዓመት እንደሆነ ነው የሚጠይቀው።

ሥዕሏ ማረፍ የቻለች የመጨረሻዋ እንግዳ ሳትሆን አትቀርም። አውቶቡሱ ወደ ከተማው አይወርድም፤ 15 ደቂቃው ሲያልቅ 40 ሰው 40 አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ይዞ ይሳፈራል። ከዚያ ፉሮሬ ላይ ባሕሩ በገደል መሐል የገባበትን ጠባብ ሸለቆ መንገዱ በድልድይ ይሻገረዋል። «አሁን በቀኝ» ትላለች አስጎብኚዋ። «በ» ላይ ድልድዩ ይጀመራል፣ «ቀኝ» ላይ ያልቃል።

በአማልፊ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል ዕረፍት አለ። ከተማዋ በአንድ ወቅት ከቬኒስና ከጄኖቫ ጋር የምትፎካከር የባሕር ኃያል ነበረች። በ1135 እና በ1137 የፒሳ ሰዎች ዘረፏት፤ በ1343 የተነሣው ማዕበል ደግሞ የታችኛውን ከተማ ወሰደው። አስጎብኚዋ ይህን ሁሉ በአራት ደቂቃ ታወርደዋለች። ካቴድራሉ የሐዋርያው እንድርያስ ነው፤ ዐፅሙ ከቁስጥንጥንያ በ1208 የመጣ ሲሆን የነሐስ በሩም በ11ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው ቁስጥንጥንያ የተሠራ ነው። ወደ በሩ የሚያደርሱት 62 ደረጃዎች ናቸው። ደረጃውን ፎቶ ያነሣው ብዙ፣ የወጣው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው አደባባዩ ላይ ተቀምጦ የአንድ ሰዓት ተኩሉን በጀት ያወጣል፤ ለሽንት ቤት ሰልፍ ይህን ያህል፣ ለአይስክሬም ሰልፍ ይህን ያህል፣ ለልጅ ልጆች የሚገዛ ነገር ፍለጋ ይህን ያህል። ሒሳቡ ሲዘጋ ለከተማዋ ሰባት ደቂቃ ይተርፋል።

የሚገዛው ነገር ሎሚ ነው፤ ሳሙናው፣ ከረሜላው፣ ሸክላው፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ሊሞንቼሎ የሚባል መጠጥ። የአካባቢው ሎሚ ረዘም ያለ፣ ልጣጩ የሚሸት፣ በገደሉ እርከን ላይ የሚበቅል ነው። ቱሪስቱ ግን ከሁሉ አብልጦ ፎቶ የሚነሣው ከራሱ ጭንቅላት የሚስተካከለውን ፍሬ አቅፎ ነው። ያ ሎሚ አይደለም፤ ትርንጎ ነው። ማታ «እዩ የአማልፊን ሎሚ» ተብሎ ለዘመድ ይላካል።

የመሰባሰቢያው ቦታ ከወደቡ አጠገብ፣ ከፍላቪዮ ጆያ ሐውልት ሥር ነው። ፍላቪዮ ጆያ ኮምፓስን የፈለሰፈ የአማልፊ ሰው ተብሎ ቆሟል። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ግን እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ፍላቪዮ ቢዮንዶ የሚባል የ15ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ኮምፓስ የአማልፊ ሰዎች ሥራ እንደሆነ ይነገራል ብሎ ጽፎ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጣ ሊቅ ይህን በላቲን ሲጠቅስ፣ በነጠላ ሰረዝ የተነሣ «ፍላቪዮ እንደተናገረው» የሚለው «ፍላቪዮ እንደፈለሰፈው» ተብሎ ተነበበ። ከሰረዝ ሰው ተወለደ፤ ስም ወጣለት፣ ካባ ለበሰ፣ ሐውልት ቆመለት። አሁን ያልነበረው ሰው በሰዓቱ ተገኝቶ ይጠብቃል፤ ያሉት ሰዎች ዘግይተዋል።

የሚዘገዩት ሁልጊዜ ሁለት ናቸው፣ ሁልጊዜም ያው ሁለቱ ናቸው። 38 ሰው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ያማቸዋል። እስከ አሁን የማይነጋገሩት ግራና ቀኝ በዚህ አንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱ ሴራሚክ ሳሕን አቅፈው እየሳቁ ሲመጡ ማንም ምንም አይላቸውም። ቀኝ መስኮት ላይ ይቀመጣሉ።

የመልሱ መንገድ ከሳሌርኖ በኋላ በተራሮቹ ጀርባ በሚሄደው ፈጣን አውራ ጎዳና ነው። ሚስት በቃሏ መሠረት መስኮቱን ለባሏ ትለቃለች፤ ባል የከባድ መኪና ጎን፣ የቲማቲም ማሳ፣ ቀጥሎም የድምፅ መከላከያ ግንብ ያያል። ወደ ናፖሊ ሲቃረቡ አውቶቡሱ ከጠዋቱ በተቃራኒ ስለሚሄድ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ቬሱቪዮ ወደ ቀኝ ተሻግሯል። ባሕሩ ግን፣ ቀኑን ሙሉ የተከለከለው ባሕር፣ የናፖሊ ባሕረ ሰላጤ፣ አሁን በግራ ነው።

ሰዓቱ ወደ 11 ይጠጋል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ በውሃው ላይ ተነጥፋለች፤ ብርሃኗ በግራ መስኮት ቀጥ ብሎ ገብቶ ዓይን ይወጋል። አስጎብኚዋ ማይክራፎኑን አንሥታ «በግራችሁ» ትላለች። የሚሰማት የለም፤ አብዛኛው ሰው አፉን ከፍቶ ተኝቷል። በግራ መስኮት ያለችው ሴትዮ ብርሃኑ ቀስቅሷት እጇን ትሰዳለች፣ መጋረጃውን ትስባለች፣ መልሳ ትተኛለች።